በቤት ውስጥ ሙዚቃ መቅዳት፦ ጠይቁኝ

ሙዚቃ በቤቴ መቅዳት ከጀመርኩ 16 ዓመት አልፎኛል። መተዳደሪያዬ ሌላ ሥራ ነው፤ ስቱዲዮዬም መኝታ ክፍሌ ነው። ይሁን እንጂ ጀማሪ የሚሠራውን ስሕተት አንድም ሳላስቀር ስለ ሠራሁት ብዙ የምነግራችሁ አለኝ። ሳትሳቀቁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ላፕቶፕ ብቻ ነው። የግድ መግዛት ያለብኝ ምንድን ነው?

ማይክሮፎን፣ ኦዲዮ ኢንተርፌስ እና ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን ሄድፎን። ኢንተርፌስ የማይክሮፎኑን ደካማ ኤሌክትሪክ አጉልቶ፣ ወደ ቁጥር ለውጦ በዩኤስቢ ገመድ ለኮምፒውተሩ የሚያቀብል ትንሽ ሣጥን ነው። ሁለት መሰኪያ ያለው ይበቃሃል። ሄድፎኑ የተዘጋ ይሁን ያልኩት አለምክንያት አይደለም። ክፍት ከሆነ እየሰማህ የምትዘፍንበት ሙዚቃ አፈትልኮ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ የሚያወጣው የለም። የማይክሮፎን ማቆሚያም አትርሳ። እኔ መጻሕፍት ደርድሬ በላያቸው አስቀምጬ ነበር፤ በመጨረሻው ስንኝ ላይ ሁሉም ተናደ። ሚክሰሩን፣ ትልልቁን ስፒከርና ሌላ ሌላውን ለጊዜው ተወው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጓደኞቼ «ኮንደንሰር ያልሆነ ማይክሮፎን ማይክሮፎን አይባልም» ይሉኛል። እውነት ነው?

እኔም ጓደኞቼን ሰምቼ ነው የተቃጠልኩት። የመጀመሪያ ማይክሮፎኔ ኮንደንሰር ነበር። ቀድቼ ሳዳምጠው ከዘፈኔ ይልቅ የግድግዳው ሰዓት፣ ማቀዝቀዣውና ደረጃ የሚወጣው ጎረቤቴ ጎልተው ተሰሙ። ኮንደንሰር ረቂቁን ሁሉ ይለቅማል። ጸጥ ባለና ማሚቶ በሌለው ክፍል ይህ ጸጋ ነው፤ በተራ ክፍል ግን መከራ ነው። ሌላው ዓይነት፣ ዳይናሚክ የሚባለው ማይክሮፎን፣ ረቂቁን ያን ያህል አይለቅምም፤ ከአፍህ ጥቂት ጣቶች ያህል ርቆ ስለሚያዝም የአንተ ድምፅ የክፍሉን ድምፅ ይውጠዋል። ሹር ኤስኤም 58 የተባለው ዳይናሚክ ማይክሮፎን ከ1966 ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል፤ ዛሬም በየመድረኩ የምታየው እርሱን ነው።

ኮንደንሰር ከገዛህ ግን ከኢንተርፌሱ የሚመጣ 48 ቮልት ይፈልጋል፤ ቁልፉ ላይ ብዙ ጊዜ «48» ተብሎ ይጻፍበታል። «ማይክሮፎኔ ሞተ» እያሉ ከሚያማክሩኝ ብዙዎቹ ይህን ቁልፍ ያልጫኑ ናቸው።

አስተያየት፦ በዚህስ አልስማማም። እኔ የምቀዳው በኮንደንሰር ብቻ ነው፤ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። ክፍሌ ግን ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና ግድግዳውን የሞላ መጽሐፍ አለው።

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ሰጠሽው።

ጥያቄ፦ የእኔ ክፍል ባዶ ነው፤ ድምፄ ከገደል ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። የእንቁላል ካርቶን ልለጥፍ?

እባክህ አትለጥፍ። ካርቶኑ ቀጭን ስለሆነ ከቀጭን ድምፆች ጥቂቱን ቢነካ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ግን ጨርሶ አይዘውም። በዚያ ላይ እሳት ይወዳል። የ100 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ድምፅ አንዱ ሞገድ 3.4 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ይህን የሚያህል ነገር በካርቶን አይቆምም።

መጀመሪያ ክፍሉን ፈትሽ። በየቦታው እየቆምክ አንድ ጊዜ አጨብጭብ። ከጭብጨባው ኋላ «ዝርር» የሚል ነገር ከተከተለ ችግር የሚፈጥሩትን ግድግዳዎች አገኘሃቸው ማለት ነው፤ ፊት ለፊት የተያዩ ባዶ ግድግዳዎች ናቸው። ከዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ ፈልግ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ብርድ ልብሱን ከማይክሮፎኑ በስተጀርባ ይሰቅለዋል። አብዛኛው ማይክሮፎን የሚሰማው ከፊቱ ነው፤ ፊቱ ደግሞ ወደ አንተ ነው። ስለዚህ ከአንተ ጀርባ ካለው ግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ ቀጥ ብሎ ይገባበታል። መጀመሪያ የሚሸፈነው የአንተ ጀርባ ነው። በልብስ የተሞላ ቁም ሣጥን ካለህ በሩን ከፍተህ ጀርባህን ስጠው፤ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ከክፍሉ ማዕዘን ራቅ፤ ወፍራም ድምፅ እዚያ ይጠራቀማል። ደግሞ አንድ ነገር ለይተህ እወቅ፦ ይህ ሁሉ ማሚቶውን ይቀንሳል እንጂ የመንገዱን ጫጫታ አያስቀርም። ጫጫታ የሚያስቀረው ከባድ ግድግዳና የተደፈነ ቀዳዳ ነው፤ ያ የግንበኛ ሥራ ነው። እኔ በግንባታ ፈንታ ሌሊት መቅዳት መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ በስልክ ብቻ መጀመር ይቻላል?

ይቻላል። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጊው፤ አለዚያ በጥሩው ቀረጻሽ መካከል ይጠራል። ከስልኩ ጋር የመጣው መቅጃ ድምፁን ስለሚጨምቀውና ጉልበቱን በራሱ ፈቃድ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው፣ በዋቭ (ድምፁን በማይጨምቅ የፋይል ዓይነት) የሚያስቀምጥና ይህን እርማት ማጥፋት የሚያስችል መተግበሪያ ፈልጊ። ማይክሮፎኑ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል ነው፤ በመያዣ ወይም በእጅሽ እንዳትከልይው።

ጥያቄ፦ ስዘፍን የራሴ ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ ይደርሰኛል፤ ምቱን ያስተኛል። ላፕቶፔ አርጅቶ ይሆን?

ላፕቶፑን አትውቀሰው። ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚሠራው ጥቂት በጥቂት እያጠራቀመ ነው፤ ማጠራቀሚያው በፈር ይባላል። በ48 ኪሎ ሄርዝ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ፣ ስትቀዳ በፈሩ 1024 ልኬት ከሆነ 21 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ ሲገባና ሲወጣ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። 128 ብታደርገው ግን 2.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ስትቀዳ ዝቅ አድርገው፤ ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ አንድ እርከን መልሰህ ከፍ አድርግ። ቀድተህ ስታበቃና ስታስተካክል ወደ 1024 መልሰው።

ከዚህም የሚቀል አለ። ብዙ ኢንተርፌሶች ድምፅህን ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ ሄድፎንህ የሚመልስ ቁልፍ አላቸው። እርሱን ክፈትና በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን የራስህን ድምፅ ዝም አሰኘው፤ አለዚያ ራስህን ሁለት ጊዜ ትሰማለህ።

ጥያቄ፦ ድምፄ ደካማ ሲሆንብኝ መቅጃውን ከፍ አደርገዋለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ከፍ የማድረግ ችኮላውን ተዪው። በ24 ቢት (እያንዳንዱ ልኬት በ24 አሃዝ በሚጻፍበት ጥራት) እየቀዳሽ ከሆነ ከፍተኛው ጩኸትሽ ከመለኪያው ጣሪያ፣ ከዜሮ፣ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ በቂ ነው፤ በኋላ ማጉላት ይቻላል። ዜሮን አልፎ የተቆረጠ ድምፅ ግን አይጠገንም። መለኪያውን ደግሞ በለሆሳስ እያንጎራጎርሽ አታስተካክዪ፤ የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ ዘፍኚውና በዚያ ለኪ። ሰው ሲቀዳ ከልምምዱ ይልቅ አብዝቶ ይጮኻል፤ ይህን በራሴ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ፐ» እና «በ» በምልበት ቦታ ሁሉ ቦምብ የፈነዳ ይመስላል።

ንፋስ ነው። ማይክሮፎኑን ከአፍህ ፊት ትንሽ ወደ ጎን አዙረህ ንፋሱ በአጠገቡ እንዲያልፍ አድርግ። ኮንደንሰር ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ራቅ። በክብ ሽቦ ላይ የተወጠረ የሴት ስቶኪንግ ከሱቅ ከሚገዛው ማጣሪያ ብዙም አያንስም።

ጥያቄ፦ ጊታር የምቀዳው በአንድ ማይክሮፎን ነው፤ ቀዳዳው ላይ ሳስጠጋው ያጓራል።

ቀዳዳው ወፍራሙን አየር የሚተነፍስበት ስለሆነ ነው። ማይክሮፎኑን አንገቱ ከሰውነቱ ጋር ወደሚገናኝበት፣ 12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) አካባቢ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀህ አቁመው። ከዚያ ሄድፎን አድርገህ ማይክሮፎኑን በጣት ስፋት በጣት ስፋት እያንቀሳቀስክ አዳምጥ። በሶፍትዌር አንድ ሰዓት የምትታገልለትን ልዩነት ሁለት ጣት ያመጣዋል።

ጥያቄ፦ የትኛው ሶፍትዌር? ደግሞ 96 ኪሎ ሄርዝ ይሻላል?

አውዳሲቲ ነጻ ነው፤ ለቀላል ቀረጻ ይበቃል። ሪፐር 60 ቀን በነጻ ያስሞክራል፤ የአፕል ኮምፒውተር ካለህ ጋራጅባንድ አለልህ። አንዱን ያዝና ዓመት ቆይበት። 48 ኪሎ ሄርዝ በ24 ቢት ይበቃሃል፤ አንድ ደቂቃ በሞኖ (በአንድ መስመር ብቻ) 8.6 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። 96 ስታደርገው የሚጨምረው በዋናነት የፋይሉ ክብደት ነው።

ጥያቄ፦ በሄድፎን ግሩም የነበረው ዘፈኔ በስልክ ስሰማው ቤዙ ጠፍቷል።

የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ለማውጣት አቅም የለውም። ቤዙን ከማጉላት ይልቅ መካከለኛ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጊለት፤ ስልኩ የሚያሰማው እርሱን ነው። በድምፅሽ ትራክ ላይ ደግሞ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጪ፤ እዚያ ያለው የእግር ኮቴና የጠረጴዛ ንዝረት ነው። አለቀ ስትይ ደግሞ ሌሊቱን አሳድሪው። በድካም ጆሮ የተቀናበረ ዘፈን ጠዋት ያሳፍራል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል። በቃሌ የያዝኳቸውን ዜማዎች ለልጆቼ መቅዳት እፈልጋለሁ፤ ከኮምፒውተር ጋር ግን አልስማማም።

አባቴ፣ እርስዎ ኮምፒውተር አያስፈልግዎትም። ዙምና ታስካም የሚባሉ ኩባንያዎች በእጅ የሚያዝ፣ ማይክሮፎኑ የተገጠመለት፣ በባትሪ የሚሠራ መቅጃ ይሠራሉ። ጠረጴዛ ላይ የታጠፈ ፎጣ ያድርጉና በላዩ ያስቀምጡት፤ አንድ ክንድ ያህል ይራቁት። በአንዳንዶቹ ላይ ቀዩን ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲጫኑት መሣሪያው ይዘጋጃል እንጂ አይቀዳም፤ መቅዳት የሚጀምረው ሁለተኛ ሲጫኑት ነው። ስለዚህ ሰከንድ ቆጣሪው መሮጡን ሳያዩ አይጀምሩ። ከእያንዳንዱ ዜማ በፊት ስሙን፣ ከማን እንደተማሩትና ቀኑን በድምፅ ይናገሩ። ካርዱ ሲሞላ ምንም ከመሰረዝዎ በፊት ከልጆችዎ አንዱ ሁለት ቦታ ይገልብጥልዎት።