የሐንጋሪ የሳብር ወርቅ የየትኛው ክለብ ነው?

«የቡዳፔስቱ የስፖርት ክለብ ቫሻሽ በፌንሲንግ (በሰይፍ ፍልሚያ ስፖርት) ስንት የኦሎምፒክ ወርቅ አለው? ለምንስ እያንዳንዱ ገጽ የተለያየ ቁጥር ይጽፋል?» ላሉት ጠያቂ፦ ቁጥሩ የሚለያየው አቆጣጠሩ ስለሚለያይ ነው።

ሜዳሊያው የሚመዘገበው በአገር ስም ነው፤ ክለቡ የሚቆጥረው ኋላ ነው። በቡድን ውድድር ወርቁ አንድ ሆኖ ተጫዋቾቹ ግን ከሦስት ከአራት ክለብ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁሉም «የእኛ ነው» ይላሉ። ሐንጋሪ ከ1928 እስከ 1960 በሳብር (ከሦስቱ የፌንሲንግ ሰይፎች አንዱ ነው) የቡድን ውድድር 7 ተከታታይ ወርቅ ስለወሰደች፣ የክለቦቹን ቁጥር ብትደምሩት ከአገሪቱ ይበልጣል።

ሁለተኛው ወጥመድ ስም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት ክለቦችን ሲያፈርስና ሲሰይም፣ ፈረንትስቫሮሽ ለጥቂት ዓመታት ኪኒዢ ተባለ፤ ኤምቲኬም ስሙ ደጋግሞ ተቀየረ። በ1911 በብረታ ብረት ሠራተኞች የተመሠረተው ቫሻሽ (ትርጉሙም «ብረት ሠሪ» እንደማለት ነው) ግን ስሙን ስለያዘ መዝገቡን መከታተል ይቀላል። የሌሎቹን ስታዩ ዓመቱን ከስሙ ጋር አመሳክሩ።

በዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሳብር ተጫዋቹ በአላዳር ጌሬቪች ላይ ነው። 7 ወርቅ አለው፦ 6 በቡድን (1932፣ 1936፣ 1948፣ 1952፣ 1956፣ 1960)፣ 1 በግል (1948)። የመጨረሻውን ሲወስድ 50 ዓመቱ ነበር። በቫሻሽ ስም የሚታወቅ ስለሆነ ሰባቱንም ለክለቡ የሚጽፉ አሉ፤ ስህተት ነው። ከጦርነቱ በፊት ያገኛቸው ሁለቱ የሌላ ክለብ ተጫዋች ሳለ የመጡ ናቸው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «በውድድሩ ቀን የየትኛው ክለብ ነበር?» ነው እንጂ «በኋላ የት ጨረሰ?» አይደለም።

ጥርት ያለው ጉዳይ የሳብር ተጫዋቹ አሮን ሲላጂ ነው። በሳብር ግል 3 ተከታታይ ወርቅ፣ ሦስቱም ቫሻሽ ሳለ፦ ለንደን 2012 በፍጻሜው 15 ለ8፣ ሪዮ 2016 እንደገና 15 ለ8፣ ቶኪዮ (በ2021 የተካሄደው) 15 ለ7። ቁጥሩ ብቻ ግን ክብደቱን አይነግርም። በኤሌክትሪክ ሳብር አንዱ ከነካ በኋላ ሌላው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልነካ ንክኪውን የሚያሳየው መብራት አይበራለትም። ይህ ገደብ በለንደንና በሪዮ 120 ሚሊሰከንድ ነበር፤ ከሪዮ በኋላ ወደ 170 ከፍ ተደረገ። በ120 ላይ የማጥቃት ቅድሚያ ያለው (ማጥቃቱን አስቀድሞ የጀመረው) ሰው ጥቂት ከዘገየ፣ ቀድሞ የነካው ተቃራኒ ነጥቡን ይወስድበታል። በ170 ግን ዘግይቶም ቢሆን መብራቱ ይበራለታል፤ ሁለቱም ሲበሩ ዳኛው ቅድሚያ ለነበረው ይሰጣል። ርቀት አጠባበቁም ሆነ የመልሶ ማጥቃቱ ሰዓት እንደገና መሠራት ነበረበት። ብዙዎች በአንዱ ደንብ ደምቀው በሌላው ደብዝዘዋል፤ እሱ በሁለቱም አሸነፈ።

ስለዚህ ስትቆጥሩ የግሉን ለብቻ፣ የቡድኑን ለብቻ ጻፉ፤ ከቡድኑ ጎን ከቫሻሽ ስንት ሰው እንደነበረ አክሉ። ፓሪስ 2024 ሲላጂ በግል ገና በመጀመሪያ ፍልሚያው ወደቀ፣ ቡድኑም በኮሪያ 45 ለ41 ተሸንፎ ብር አገኘ፤ ይህ ከወርቁ ቆጠራ ውጭ ነው።