ባቡሩ በሄደበት በብስክሌት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። 52 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መዋል ነው። ሐኪሜ ስኳርሽ ከፍ እያለ ነው፣ ተንቀሳቀሺ አለኝ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ሩጫ አይሆንልኝም። ልጄ ብስክሌት ገዛልኝ። ልጅ ሆኜ ናዝሬት በኪራይ ብስክሌት ነድቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ነክቼ አላውቅም። ከመኪና ጋር መጋፋት ደግሞ ያስፈራኛል። ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ፣ አሁን ለብስክሌትና ለእግረኛ የተሰጠ መንገድ አለ ይለኛል ልጄ። ለእኔ ዓይነቷ ሴት ይሆናል? እውነቱን ለመናገር፣ ሐዲድ ነቅለው መንገድ አደረጉት ሲባል ቅር ብሎኛል። ናዝሬት ያደገ ሰው የባቡር ጩኸት ከጆሮው አይጠፋም።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ቅሬታዎ ይገባኛል፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጉልበትዎ።

ልጅዎ የነገረዎት መንገድ ደብልዩ ኤንድ ኦ ዲ ይባላል። ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን ከሚባለው ባቡር የወረሰው ስም ነው። ከሸርሊንግተን ተነስቶ ፐርሰልቪል ድረስ 45 ማይል ይሄዳል፤ 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አስፋልት ነው። መኪና አይገባበትም።

ለእርስዎ የሚስማማውም የባቡር መንገድ ስለነበረ ነው። ባቡር ዳገት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ላይ ሲሄድ ሜዳው ላይ ይቀለዋል፣ ዳገት ላይ ግን ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጉብታውን ይቆርጣሉ፣ ጎድጓዳውን ይሞላሉ፣ ተራራ ሲገጥማቸው ይዞራሉ። የእኔ ከተማ የተወለደችው በዚህ ምክንያት ነው። የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አላስወጣ አለ፣ ለማስወጣት ደግሞ ወጪው ከበደ። ሐዲዱ ከሥር ሜዳውን ይዞ ቀረ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ እዚያው ሜዳ ላይ በቀለች።

የእርስዎ ከተማ ባቡርም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። አዎ፣ የተነሳው ከአሌክሳንድሪያ ነው። በ1859 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ሐሳቡ ተራራውን ተሻግሮ፣ ዛሬ ዌስት ቨርጂኒያ ከሚባለው አገር የድንጋይ ከሰል ማምጣት ነበር። ተራራውን ግን ሳይሻገር ቀረ። በ1900 ብሉሞንት የምትባል መንደር ደርሶ፣ ከተራራው ሥር ቆመ።

ለጉልበትዎ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎት። መንገዱ ጭራሽ ዳገት የለውም አልልም። ግን ዳገቱ ረጅምና ለስላሳ ነው። ማርሽዎን ቀለል አድርገው ሳያቋርጡ ከረገጡ ይወጡታል። ጉልበት የሚጎዳው ከባድ ማርሽ እየታገሉ መርገጥ ነው። ሌላው ኮርቻው ነው። የጀመረ ሰው ሁሉ እግሩ መሬት እንዲደርስ ብሎ ኮርቻውን ዝቅ ያደርጋል። ያኔ ጉልበቱ በየዙሩ ከልክ በላይ ይታጠፍና ከፊት በኩል ያመዋል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ሊዘረጋ ትንሽ ሲቀረው፣ ልኩ እሱ ነው። ልጅዎ ብስክሌቱን ይያዝልዎትና ቤት በር ላይ ያስተካክሉት። ሐኪምዎንም ስለ ጉልበትዎ ይጠይቁ።

የት ይጀምሩ? ሸርሊንግተን ለቤትዎ ይቀርባል። የእኔ ምክር ግን ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭናችሁ ቪየና እንድትሄዱ ነው። በመንገዱ ላይ በየግማሽ ማይሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት አለ። ቪየና 12ኛው ማይል አካባቢ ናት። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሬስተን አቅጣጫ ይሂዱና 14 የሚለው ላይ ሲደርሱ ይመለሱ። ለመጀመሪያ ቀን አራት ማይል ይበቃዎታል። ቢደክምዎትም ሳይደርሱ ይመለሱ። ሲለምዱት 20ኛው ማይል ላይ ሄርንደን አለች፤ የድሮው ባቡር ጣቢያ መንገዱ ዳር ቆሟል፣ አሁን ሙዚየም ነው።

ቅዳሜና እሁድ በማለዳ ይውጡ። አርፍደው ከወጡ በጣም የሚያፈጥኑት ይበዛሉ። ሁልጊዜ ቀኝዎን ይያዙ። ከኋላዎ «ኦን ዩር ሌፍት!» ብሎ የሚጮህ ሰው ይመጣል። በግራሽ እያለፍኩ ነው ማለቱ ነው። አይደንግጡ፣ ዞረውም አይዩት። አዲስ ሰው ወደ ግራ ዞሮ ሲያይ መሪውም አብሮት ይዞራል፣ ግጭት የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ቀጥ ብለው ይንዱ፣ ያልፍዎታል።

ከመኪና የሚገናኙት መንገድ ማቋረጫ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ሁልጊዜ ይቁሙ። እኔ የወደቅኩት ማቋረጫ ላይ ነው። ኅዳር ነበር፣ ሌሊት ዘንቦ አድሯል፣ ቅጠሉ መሬቱን ሸፍኖታል። መኪና ሳይ የፊቱን ፍሬን ብቻ ጨበጥኩ። ጎማው ሸርተት አለና በክርኔ አረፍኩ። ሁለት ሳምንት እጄን በደንብ አላጠፍኩም። እርጥብ ቅጠል ላይ ከሩቅ ጀምረው ሁለቱንም ፍሬን ቀስ አድርገው ይያዙ። ሄልሜት ደግሞ ሳያጠልቁ አይውጡ።

አሁን ወደ ቅሬታዎ።

ሐዲዱን ለብስክሌት ብለው አልነቀሉትም። ባቡሩ አስቀድሞ ሞቶ ነበር። ሰው መጫን ያቆመው በ1951 ነው፤ በ1968 ጭራሽ ተዘጋ። ባቡር ሲቆም ከሐዲዱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። አንዱ አጥር ያጥርበታል፣ ሌላው ጋራዥ ይሠራበታል። አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ በኋላ መልሶ መቀጠል የማይታሰብ ነው። እዚህም አርሊንግተን ላይ የተወሰነው መሬት ለአውራ ጎዳና ሄዷል። የቀረውን ያተረፈው የመብራት ኃይል ኩባንያ ነው። መስመሩን የሚዘረጋበት መሬት ይፈልግ ስለነበር ገዛው። ሲሄዱ ቀና ቢሉ ትልልቆቹን የመብራት ምሰሶዎች ያያሉ፤ ከእርስዎ ጋር ነው የሚሄዱት። በ1974 ፎልስ ቸርች ላይ አጭር መንገድ ለሙከራ ተከፈተ። ሕዝቡ ወደደው። የአካባቢው የፓርኮች ባለሥልጣን መሬቱን ከኩባንያው ገዛ፣ በ1988 መንገዱ ፐርሰልቪል ደረሰ። 30 ሜትር ስፋት፣ 72 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቀጭን ፓርክ ሆነ።

አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ረጅም እጀታ ባለው መዶሻ ብሎኖቹን እየመታ በእግሩ ይሄዳል። የጠበቀው ብሎን ድምፁ ጥርት ያለ ነው። የላላው ድፍን ይላል። ልጅ ሆኜ አብሬው ስሄድ ዓይኔን ጨፍኜ የቱ እንደላላ እንድነግረው ያደርገኝ ነበር። እሱ የደከመበት የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አሮጌ መስመር ሥራ ካቆመ ቆይቷል። አዲሱ ባቡር በሌላ ሐዲድ ይሄዳል። የአሮጌው መሬት ሳይቆራረጥ እንዲቆይ ከልቤ እመኛለሁ። ባቡር ቢመለስበት እሰየው ነው። ካልተመለሰበት ግን ከሞጆ ናዝሬት ልጆች በብስክሌት ቢሄዱበት አባቴን የሚያስቀይመው አይመስለኝም።

ቪየና ስትደርሱ መንገዱ ዳር አንድ ቀይ ፉርጎ ቆሞ ያያሉ። የዕቃ ባቡር መጨረሻ ላይ የሚታሰረው፣ የሠራተኞቹ ፉርጎ ነው። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ወርጄ ውሃ እጠጣለሁ። እርስዎም ይውረዱና ከፉርጎው ሥር ይመልከቱ። ቁራጭ ሐዲድ ትተውለታል።