ዳታ ቶሎ ስላለቀ አይፎን ልግዛ?

ጥያቄ፦ አንድሮይድ ስልኬን ከያዝኩት አራት ዓመት ሆኖታል። ስታክ ያደርጋል፣ ስቶሬጁም ሞልቷል። በዚያ ላይ የገዛሁት ጥቅል ወር ሳይሞላ ያልቅብኛል። ወንድሜ «አይፎን ግዛና ጥቅልህንም ወደ ትልቁ ቀይር» ይለኛል። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ልቀይር?

መልስ፦ ባንድ ጊዜስ አይቀይሩ። ስልኩም ጥቅሉም አብረው ከተቀየሩ ችግሩ የቱ ጋ እንደነበር በጭራሽ አይታወቅም። ከጥቅሉ እንጀምር፤ እሱን መመርመር ምንም አያስወጣም።

ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀምን ይክፈቱ። የትኛው አፕ ምን ያህል እንደበላ ከብዙ ወደ ትንሽ ደርድሮ ያሳይዎታል። አብዛኛውን ጊዜ አናት ላይ የሚቀመጠው ቪዲዮ ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ በሰጠው መረጃ መሠረት ፊልም በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በኤችዲ ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። ይሄ በአይፎንም ያው ነው። ስልክ ስለቀየሩ ቪዲዮው አይቀልም።

ቀጥሎ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ውስጥ ይግቡና በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ያጥፉት። የፎቶ ባክአፕና የአፕ ማሻሻያም በዋይፋይ ብቻ ይሁኑ። አንድሮይድ የዳታ ቆጣቢ ማብሪያም አለው፤ ከጀርባ ሆነው ዳታ የሚጠጡትን አፖች ይገታል። ይህን አድርገው አንድ ወር ይጠቀሙ። ያኔም ካልበቃዎት ትልቁን ጥቅል ይግዙ፤ አሁን ግን ቁጥሩን አይተው ነው የሚገዙት።

አይፎን ከገዙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዋይፋዩ ሲደክም ሳይጠይቅ ወደ ሞባይል ዳታ የሚሻገር «ዋይፋይ አሲስት» የሚባል ነገር አለው፤ ከፋብሪካው በርቶ ነው የሚመጣው። ማጥፊያው በሞባይል ዳታው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። የዳታ ቆጣሪውንም በየወሩ በእጅዎ ወደ ዜሮ መመለስ አለብዎት። ካልመለሱት የቆየውን ከአዲሱ ጋር ደምሮ ያስደነግጥዎታል።

አሁን ወደ ስልኩ። ስቶሬጁ ጢም ያለ ስልክ ይንቀራፈፋል፣ የትኛውም ዓይነት ቢሆን። የቴሌግራምን ካሽ (አፑ ስልኩ ላይ ያጠራቀማቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች) ብቻ ማጽዳት ስንት ጊጋ እንደሚያስለቅቅ ቢያዩ ይገርምዎታል። አይፎን የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ የለውም። ስለዚህ ዋጋው ረከሰ ብለው ትንሽ ስቶሬጅ ያለውን ከገዙ ያንኑ ችግር በውድ ዋጋ ገዙት ማለት ነው። ነፃው የአይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ) ቦታም 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ የጉግል 15 ነው።

ለመቀየር በቂ ምክንያት የምለው ስልኩ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ካቆመ ነው። ያኔም ቢሆን አይፎን ግድ አይደለም። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግም ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ርካሾቹ ሞዴሎች ግን ይህን ያህል ዕድሜ ስለሌላቸው ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

አይ፣ ልቤ አይፎን ላይ ነው ካሉ፣ ሰው የሚያለቅስባት ቦታ ዋትስአፕ ናት። ጉግል ድራይቭ ላይ ያለው ባክአፕ አይፎን ላይ አይከፈትም። «ሙቭ ቱ አይኦኤስ» የተባለውን አፕ አንድሮይዱ ላይ ጭነው፣ አዲሱን አይፎን ገና ሲያስነሱ የዋትስአፕ ቻትዎን ያሻግሩት። «በኋላ አደርገዋለሁ» ብለው ካለፉት አይፎኑን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ሊመጣ ይችላል። ቴሌግራም አያስቸግርም፤ ሚስጥራዊ ቻቶቹ ብቻ አሮጌው ስልክ ላይ ይቀራሉ። በገንዘብ የገዟቸው አፖች አይሻገሩም፣ ድጋሚ ይከፈልባቸዋል። ስማርት ሰዓትም ካለዎት ያስቡበት፤ ከጋላክሲ ዎች 4 ወዲህ ያሉት የሳምሰንግ ሰዓቶች ከአይፎን ጋር አይሠሩም።

ያገለገለ አይፎን ከሆነ የሚገዙት፣ ሻጩ ፊትዎ ከአፕል አካውንቱ ይውጣ። ካልወጣ ስልኩ እንደተቆለፈ ይቀራል። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚናገረው ገጽ ላይም የሲም ገደብ እንደሌለው፣ ማለትም በአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲሠራ አለመቆለፉን ያረጋግጡ። የራስዎን ሲም ከተው ደውለው ቢሞክሩት ደግሞ የበለጠ ነው።

አሮጌውን ስልክ ወዲያው አይሽጡት። የባንክ አፕዎና የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ኮዶችዎ አዲሱ ላይ መሥራታቸውን እስኪያዩ ድረስ ቻርጅ አድርገው ያቆዩት።