«ሻ/ባሻ» ሻምበል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ያደግሁት ውጭ አገር ነው። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ በአየር ኃይል ያገለገለው አጎቴ ካረፈ በኋላ የአገልግሎት ማስረጃው እጄ ገባ። «ሻ/ባሻ» ይልና ከማዕረጉ ሥር «የኤፍ-5 ሞተር ኮርስ»፣ ቀጥሎም «ከሐ/ሜዳ ጥ/ክፍል ወደ ድ/ዳዋ የተዛወረ፣ ከ5/13/69 ጀምሮ» ተብሎ ተጽፏል። ዘመዶቼ ሻምበል ነበር፣ ሐረር ይሠራ ነበር ይላሉ። ደግሞስ ወሩ እንዴት 13 ይሆናል?

መልስ፦ አጎትዎን ነፍሳቸውን ይማር።

በአማርኛ እዝባር (/) ሁለት ሥራ አለው። አንዳንዴ የአንድን ቃል መካከል አስቀርቶ መነሻና መድረሻ ፊደሉን ብቻ ይተዋል፤ ዶ/ር፣ ወ/ሮ፣ ኮ/ል እንደምንለው። ሌላ ጊዜ የሁለት ቃል ስያሜ ሲያጥር የፊተኛው በመነሻ ፊደሉ ብቻ ይወከላል፤ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ አ/ኃይል። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከእዝባሩ በኋላ ያለው ነው። «ሻ/ል» ሻምበል፣ «ሻ/ቃ» ሻለቃ ነው። «ሻ/ባሻ» ላይ ግን «ባሻ» ሙሉ ቃል ስለሆነ የተዋጠው የፊተኛው ነው፤ ሻምበል ባሻ ወይም ሻለቃ ባሻ ሊሆን ይችላል። የቱ እንደሆነ ከዚህ ፊደል ብቻ አይለይም። የማዕረግ ዕድገት ደብዳቤ ካለ እዚያ ተዘርዝሮ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱም የባለሌላ ማዕረግ፣ ማለትም ከመኮንን በታች ያሉ ናቸው፤ ሻምበል ግን መኮንን ነው። ዘመዶችዎ ግማሹን ይዘው ቀርተው ይሆናል።

ይህ ሰውየውን ከክብራቸው ዝቅ አያደርጋቸውም። «ጥ/ክፍል» ብቻውን ቢሆን ጥገና ወይም ጥበቃ ብለን እንጠራጠር ነበር። ከበላዩ የኤፍ-5 ሞተር ኮርስ ስላለ ጥገና ክፍል ብዬ አነበዋለሁ። በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካ የጦር መሣሪያ አቅርቦት ተቋርጦ ሳለ እነዚያ አሜሪካ ሠራሽ ተዋጊ አውሮፕላኖች ከሶማሊያ ሚጎች ጋር ሊዋጉ የቻሉት እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ስለጠገኗቸው ነው። ስለ ጦርነቱ ሲወራ ስማቸው እምብዛም አይነሣም፤ ስለዚህ ይህን መስመር በጥንቃቄ ያቆዩት።

«ሐ/ሜዳ» ሐረር ከተማ አይደለም። ሐረር ሜዳ የአየር ኃይሉ ዋና ሠፈር መጠሪያ ነው፤ የሚገኘውም በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ዘመዶችዎ ሐረር ያሉት ከዚህ ስም ተነሥተው ይመስለኛል። ወደ ምሥራቅ የሄዱት በኋላ፣ ወደ ድሬዳዋ ሲዛወሩ ነው።

13ኛው ወር ጳጉሜን ነው። እንዲያውም ጥሩ ምስክር ሆኖልናል፤ ቀኑ ከወሩ ቀድሞ በሚጻፍበት የአማርኛ ሰነድ ወሩ 13 ከሆነ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በተቃራኒው የእኛ ወር ከ30 ስለማያልፍ፣ ቀኑ 31 ተብሎ ከተጻፈ ፈረንጅኛ ነው ማለት ነው። በውጭ አገር የሠለጠነ ሰው ማኅደር ውስጥ ሁለቱ አቆጣጠሮች ተደባልቀው ሊገኙ ስለሚችሉ እያንዳንዱን ቀን ለየብቻ ይመርምሩ። የእርስዎ ጳጉሜን 5 ቀን 1969 ዓ.ም. ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1977 ላይ ይውላል። ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ የወደቀችው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው፤ አጎትዎ ድሬዳዋ የተላኩት በዚያ ጭንቅ ሰዓት ነበር።

በቀሩት ገጾች «ም/» ካጋጠመዎት አይቸኩሉ። «ም/አዛዥ» ምክትል አዛዥ፣ «ም/ቤት» ምክር ቤት፣ «ም/ጦር» ደግሞ ምድር ጦር ነው። በአባት ስም ላይም «ወ/ማርያም» ካለ ወልደ ማርያም ይሁን ሌላ ስም፣ ሽማግሌ ሳይጠይቁ በእንግሊዝኛ አይገልብጡት፤ አንዴ በተሳሳተ ስም የተሞላ ማመልከቻ ከማኅደሩ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።