ስለ ቺተርና ስለ ባን ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ራስት፣ ዴይዚ እና አርክ የሚባሉትን የሰርቫይቫል (በሕይወት ለመቆየት የሚታገሉባቸው) ጌሞች ለረጅም ጊዜ ስጫወት ቆይቻለሁ። የራስት ሰርቨርም አስተዳድራለሁ፤ ስለዚህ የሪፖርቱን ክምር ከውስጥ ሆኜ ነው የማየው። ስለ ቺተር (በተከለከለ ፕሮግራም ስለሚያጭበረብር ተጫዋች) እና ስለ ባን (ከጌም ስለ መታገድ) የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቺተር በሌላ ጌምም አለ። ሰርቫይቫል ላይ ሲሆን ለምንድነው እንዲህ የሚያንገበግበው?

የሚወስድብህ ጊዜህን ስለሆነ ነዋ። ተራ የተኩስ ጌም ላይ ቺተር ቢገጥምህ አንድ ዙር ትሸነፋለህ፣ ቀጣዩ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ አለቀ። ራስት ላይ ግን ጌሙን ዘግተህ ስትወጣ ሰውዬህ እዚያው ቤዝህ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ሰርቨሩ አይቆምም። እንጨት ቆርጠህ፣ ድንጋይ ፈልጠህ፣ ማዕድን አቅልጠህ ከጓደኞችህ ጋር እንቅልፍ አጥተህ ያቆምከውን ቤት፣ ግድግዳ አሳልፎ የሚያይ አንድ ሰው ሉቱ (የሰበሰብከው ዕቃ) የቱ ክፍል እንዳለ አውቆ አጭሩን መንገድ በፈንጂ ከፍቶ ይገባበታል። ዴይዚ ላይ ደግሞ ስትሞት የተሸከምከው ሁሉ ሬሳህ ላይ ይቀራል፤ አንተ ባዶ እጅህን እንደገና ትጀምራለህ።

ማጣት ብቻውን ችግር አይደለም። ራስት በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ ዋይፕ ይደረጋል (ተጠርጎ ከባዶ ይጀምራል)፣ የሠራኸው እንደሚፈርስ እያወቅክ ነው የምትሠራው። በጎበዝ ተሸንፈህ ብታጣ ትናደዳለህ፣ ትማራለህ፣ ትመለሳለህ። ቺተር ግን ከሉቱ ሌላ እምነትህን ይወስዳል። አንዴ በቺተር የተዘረፈ ሰው ከዚያ በኋላ የገደለውን ሁሉ ቺተር ነው ይላል። ዓመታት የለፋው ጎበዝ ይሰደባል፣ አዲሱ ተጫዋች ተስፋ ቆርጦ ይወጣል፣ ሰርቨሩም ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ የገደለኝ ቺተር ይሁን ጎበዝ በምን ልለይ? እኔ እንጃ፣ ሁሉም ቺተር መስሎ እየታየኝ ነው።

እህቴ፣ ከአንድ ሞት ምንም አይታወቅም። ከሩቅ ጭንቅላት ላይ መመታት ማስረጃ አይሆንም። ኮቴሽን ሰምቶ ይሆናል፣ ጓደኛው አይቶሽ ነግሮት ይሆናል። ኢንተርኔቱ ሲዘገይ ደግሞ አንቺ ግድግዳ ጀርባ ከተከለልሽ በኋላ የተመታሽ ይመስልሻል፤ በእሱ ስክሪን ላይ ግን ገና ደጅ ነሽ።

እኔ የተቀዳ ጨዋታ ሳይ የምመረምረው ከግድያው በፊት ያለውን ነው። ማወቅ የማይችለውን ነገር ያውቃል ወይ? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ኢላማው ከድንጋይ ጀርባ ድምፅ ሳያሰማ የሚሄደውን ሰው ይከተላል? ባዶ ቤቶችን እያለፈ ሙሉውን ብቻ ይመርጣል?

አድሚኖች የምንጠቀምበት አንድ ዘዴ አለ። ራስት ላይ መሬት ውስጥ የምትቀበር ትንሽ ከረጢት አለች፤ ከተቀበረች በኋላ ጨርሶ አትታይም። ሰው ጉዳይ የሌለው ባዶ ሜዳ ላይ እንቀብራታለን። ዛፍ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ምልክት የለ። ከዚያ አንዱ ከሩቅ እየሮጠ ይመጣል፣ ልክ እሷ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ወደ መሬት ያያል፣ ያወጣታል። አንዴ ከሆነ ዕድል ነው እንበል። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋንም እንዲሁ ቀጥ ብሎ ሄዶ ካወጣ ግን ኢኤስፒ (የተደበቀውን የሚያሳይ ቺት) እያሳየው ነው፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ጥያቄ፦ ሪፖርት አደርጋለሁ፣ ምንም የለም። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ይጫወታል። ማን ያየዋል?

ይታያል፣ ግን አንተ በምትፈልገው ፍጥነት አይደለም። አንዳንዴ ሆን ተብሎ ነው የሚዘገየው። አንቲቺቱ (ቺት የሚያድነው ፕሮግራም) አዲስ ቺት ባገኘ ቁጥር ወዲያው ባን ቢያደርግ፣ ቺት ሻጩ የተነቃበት የቱ ጋ እንደሆነ በዚያው ቀን ያውቃል፣ ያንን ቀይሮ ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ ተጠቃሚ እስኪጠራቀም ይጠበቅና በአንድ ላይ ይመታል። ጌም የሚሸጥበት የስቲም መድረክ አንቲቺት፣ ቫክ፣ በዚህ መንገድ የታወቀ ነው። ዘዴው ትክክል ይመስለኛል፤ ግን በዚያ መሐል ቤቱ የሚፈርስበት ሰው እንዳለ አልክድም፣ ለእሱ ማንም ካሳ አይከፍለውም።

አንተ ማድረግ የምትችለው ይሄን ነው፦ ራስት ላይ ኤፍ ሰባትን ተጭነህ በጌሙ በኩል ሪፖርት አድርግ፣ ኮሚዩኒቲ ሰርቨር (ተጫዋቾች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት) ከሆነ ደግሞ ለአድሚኑ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ክሊፑን ላክ። «ይሄ ቺተር ነው ባን አድርጉት!!!» ብቻ የሚል መልእክት አይረዳኝም። ከየት መፈለግ እንደምጀምር ንገረኝ። ቻት ላይ አትክሰስ፤ እውነት ቺተር ከሆነ ታስጠነቅቀዋለህ፣ ካልሆነ ንጹሕ ሰው ታሰድባለህ።

ጥያቄ፦ ምንም ሳላደርግ ባን ተደርጌያለሁ። እመኑኝ!

ይቅርታ አድርግልኝና፣ ይሄን ከሚሉኝ ብዙዎቹ አድርገው ነው። ግን ሁሉም አይደሉም፤ ስለዚህ ሳላይ አልፈርድም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቫክ ራሱ ተሳስቶ ወደ 12,000 የሚጠጉ የሞደርን ዋርፌር 2 ተጫዋቾችን ባን አድርጓል። ስቲም የጌሙን ፋይል ሲያድስ ዲስክ ላይ ያለውና ሜሞሪ ውስጥ ያለው አልገጥም ስላለ ነው ስህተቱ የተፈጠረው። ባኑ ተነሣላቸው፣ ሌፍት ፎር ዴድ 2 የተባለው ጌምም በስጦታ ተሰጣቸው። ስለዚህ አንቲቺት አይሳሳትም የሚለው ወሬ አይሠራም።

መጀመሪያ የባኑን ዓይነት ለይ። የአንድ ሰርቨር ባን ከሆነ የሚያነሣው የዚያው ሰርቨር አድሚን ብቻ ነው፤ በጨዋ ቋንቋ ጻፍለት። ኢዚ አንቲቺት ወይም ባትልአይ የሚባሉት አንቲቺቶች ያደረጉት ከሆነ የራሳቸው ይግባኝ ማቅረቢያ ገጽ አላቸው። ቫክ ከሆነ ድርድር የለም፣ ስህተት መሆኑ በራሳቸው ካልተረጋገጠ አይነሣም። ይግባኝ ስትጽፍ ስድብና ልመና ተው። ምን እየሠራህ ነበር፣ ኮምፒውተርህ ላይ ምን ፕሮግራም ተከፍቶ ነበር፣ አካውንትህን ሌላ ሰው ነክቶት ያውቃል ወይ፣ ይሄን ጻፍ።

ጥያቄ፦ የልጄ አካውንት ታገደ። እሱ የአጎቱ ልጅ ነው የተጫወተው ይላል። ገንዘባችንስ ይመለሳል?

እናቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ስቲም ላይ ጌምን ለቤተሰብ ማጋራት ይቻላል፤ የተጋራው ሰው በልጅዎ ጌም ቺት ቢያደርግ የጌሙ ባለቤትም አብሮ ይታገዳል። ገንዘቡን ተስፋ አያድርጉ። በመደበኛው ሕግ ተመላሽ የሚጠየቀው በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወቱት ነው፤ በቫክ የታገደበት ጌም ደግሞ ይሄም መብት የለውም። ሌሎቹን ጌሞች ግን መጫወት ይችላል። የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ይቀይሩለት፣ ማጋራቱንም ይዝጉ። ልጁንም ቺት አውርዶ እንደሆነ በእርጋታ ይጠይቁት፤ በነፃ የሚገኙት ቺቶች ውስጥ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ተደብቆ ይመጣል፣ ከባኑ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ባን የተደረገው በማግስቱ በሌላ አካውንት ይመጣል። ታዲያ ባን ምን ይሠራል?

ብቻውን ብዙም አይሠራም። ግቡ የመመለሻውን ዋጋ ማስወደድ ነው። ጌሙን እንደገና መግዛት አለበት፣ በሃርድዌሩ ከታወቀ ማሽኑን መቀየር ወይም መደበቅ አለበት። ራስት እ.ኤ.አ. በ2025 ፕሪሚየም ሰርቨር ጀመረ፤ ለመግባት አካውንቱ ላይ ቢያንስ 15 ዶላር የሚያወጣ የጌሙ ዕቃ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ አዲስ አካውንት ኪሱን ስለሚነካው፣ ዝም ብሎ አካውንት እየገዛ የሚጥለውን ይቀንሳል። ገንዘብ የሌለውን ንጹሕ ተጫዋች ደጅ ማስቀረቱ ግን አይዋጥልኝም።

ከዚህ የተሻለው ሰርቨሩ መረጃውን ቀድሞ አለመላኩ ነው። ኢኤስፒ የሚሠራው ከግድግዳ ጀርባ ያለው ሰው የት እንዳለ ወደ ቺተሩ ኮምፒውተር ስለሚላክ ነው። ካልተላከ ቺቱ የሚያሳየው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ማክሮ ቺት ነው?

አዎ። ጠመንጃው ሲተኮስ የሚዘለውን ማውዝህ ላይ ያለ ፕሮግራም ካስተካከለልህ፣ የተኮስከው አንተ አይደለህም። ራስት እ.ኤ.አ. በ2022 የጠመንጃዎቹን አዘላለል (ሪኮይል) የቀየረው አንዱ ምክንያት ይሄው ነበር።

ጥያቄ፦ አብሮኝ የሚጫወት ጓደኛዬ ቺት እንደሚጠቀም ደረስኩበት። ምን ላድርግ?

ዛሬውኑ ከቡድኑ ውጣ። ብዙ ሰርቨሮች ከቺተር ጋር የተገኘውን ቡድን በሙሉ ነው የሚያባርሩት፤ እኔም አደርገዋለሁ። የከበደ ይመስላል፣ ግን እሱ እያየ የሚመራችሁ ከሆነ በዘረፋችሁት ሁሉ የእናንተም እጅ አለበት። ጓደኝነቱን አቋርጥ አላልኩህም። ለምን እንደወጣህ በግልጽ ንገረው።

ጥያቄ፦ ተማርሬ ካቆምኩ ቆየሁ። ልመለስ?

ተመለስ፣ ግን ሰርቨር ምረጥ። ትልልቆቹን ተውና የቡድን ቁጥር የተገደበበት መካከለኛ ሰርቨር ፈልግ። ከመግባትህ በፊት ለአድሚኑ ጻፍ፦ አንተ በምትጫወትበት ሰዓት ሪፖርት የሚያይ ሰው አለ? ያለ ጥፋቱ ባን የተደረገ ሰው ይግባኙን የት ያቀርባል? ለሁለቱም ቀጥተኛ መልስ ከሰጠህ ዋይፕ ቀን ላይ ከሁሉም ጋር እኩል ጀምር። ካድበሰበሰብህ ሌላ ሰርቨር ፈልግ።