ስንት ቁልፍ አለ?

ልጆች፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሰው ሒሳብ ስመረምር ኖሬአለሁ። ኦዲተር ነኝ። ከሥራህ ምን ተማርክ ስባል ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ቢሮ አይደለም። ናዝሬት ሜዳ ላይ የቆመች አንዲት ነጭ መኪና ናት።

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። አንድ የለስላሳ ድርጅት መኪና እሸልማለሁ ብሎ አስነገረ። ቆርኪው ውስጥ ያለውን ላስቲክ ልጣችሁ ምልክት ካገኛችሁ ታጠራቅማላችሁ። ምልክት ያለው ሃያ ቆርኪ በአንድ ቁልፍ ይቀየራል። ቁልፉ መኪናዋን ካስነሳ መኪናዋ የእናንተ ናት። በቃ። አብሮ አደጌና እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሆዳችን እስኪነፋ ጠጣን። ላስቲክ ስፍቅ የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ተሰነጠቀ። የሰፈራችን ግሮሰሪ አስተናጋጅም ነገሩ ገባውና ቆርኪውን በወተት ጣሳ እያጠራቀመ ይሸጥልን ጀመር። (ያ ልጅ ከሁላችንም ብልጥ ነበር። ከዚያ ውድድር ያተረፈ የማውቀው ሰው እሱ ብቻ ነው።) እንዲህ ተብሎ ተብሎ ሁለት ቁልፍ ያዝን።

ሙከራው እሁድ ናዝሬት ነው ተባለ። አዳማን ያኔ እንደዚያ ነበር የምንጠራት። ታናሽ እህቴ ለመልቀቂያ ፈተና እየተዘጋጀች ስለነበር ያን ቅዳሜና እሁድ ሒሳብ ላስጠናት ቃል ገብቼላታለሁ። "በሚቀጥለው ሳምንት" አልኳት። ቅዳሜ ከሰዓት ከለገሃር አውቶቡስ ተሳፈርን። ፈጣን መንገዱ ገና የለም። በደብረ ዘይትና በሞጆ አድርገን ከጭነት መኪና ኋላ ኋላ ስንጎተት 100 ኪሎ ሜትር የማይሞላው መንገድ አመሸብን። አልጋ ቤት ገብተን አንድ አልጋ ለሁለት ተከራየን። ሙቀቱና ትንኙ መች ያስተኛል! መኪናዋን ምን እናድርጋት እየተባባልን ስንጣላ አደርን። እሱ ታክሲ ትሁን ይላል፣ እኔ ትሸጥ እላለሁ። አዎ፣ በሌለ መኪና ተኮራርፈናል።

ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል የተባለው ዝግጅት በስምንት ሰዓት ተጀመረ። የክብር እንግዳው ዘግይቷል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሙዚቃ፣ ጭፈራ፣ የቲሸርት ውርወራ። መድረክ መሪው "ናዝሬት አላችሁ?" ባለ ቁጥር "አለን!" እያልን ድምፃችን ተዘጋ። ካሜራው ወደ እኛ ሲዞር እጅ አውጡ ይሉናል፣ እናወጣለን።

ከዚያ ሰልፍ። ተራዬ ሲደርስ መዳፌ በላብ ርሶ ቁልፉ ያሟልጨኛል። ወንበሩ በፀሐይ እንደ ምጣድ ግሏል። ቁልፉን ከተትኩት፤ ገባ። መግባቱን ሳይ ልቤ ስንጥቅ አለች። ላዞረው ብል ንቅንቅ የለም። "ቀጣይ!" አለ አስተናባሪው፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ። የጓደኛዬም ያው ሆነ። የመጨረሻው ሰው ሞክሮ ሲወርድም መኪናዋ እንደቆመች ናት። መድረክ መሪው ማይኩን አነሳና "ዕድለኛው በሌላ ከተማ እየጠበቀን ነው!" አለ። ሰዉ ጉምጉም አለ። አንድ ሽማግሌ "ሌቦች!" ብለው ጮኹ። እኛም እስከ አዲስ አበባ ስንራገም ገባን።

ግን ማንም አልሰረቀንም። ማስታወቂያው ግርጌ ላይ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ ሙከራው በተለያዩ ከተሞች እንደሚደረግና የሚያስነሳው ቁልፍ አንድ ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ወረቀቱ ግሮሰሪው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሁለት ወር ሙሉ ከሥሩ ተቀምጠን ነው የጠጣነው። አላነበብነውም። በጠቅላላው ስንት ቁልፍ እንደተሠራ ደግሞ እነሱም አልጻፉ፣ እኛም አልጠየቅን።

ከዓመታት በኋላ የሌላ ድርጅት ሒሳብ ስመረምር የእንዲህ ዓይነት ዘመቻ ፋይል እጄ ገባ። ምሳዬን ረስቼ ነው ያገላበጥኩት። የመድረክ ኪራይ፣ ቲሸርት፣ ዘፋኝ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን አየር ሰዓት። ሽልማቱ ከዚያ ሁሉ መሐል አንድ መስመር ነው፤ ለአየር ሰዓት ከወጣው ያንሳል። ደግሞም አይለወጥም። መቶ ሰው ቢመጣ አንድ መኪና፣ መቶ ሺህ ቢመጣም ያው አንድ መኪና። ሰው በበዛ ቁጥር ለድርጅቱ ይረክስለታል፣ የእያንዳንዳችን ዕድል ግን ይሳሳል። ማስታወቂያው ጆሮዬ ላይ የጮኸውን ያህል የእኔ ቁልፍ ዋጋ ሲወርድ ነበር ማለት ነው። እኛ ተወዳዳሪ የሆንን መስሎን ነበር። ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ግን "ታዳሚ" ተብሎ ነው።

ስለዚህ ስልካችሁን ዘርግታችሁ "ጋሼ፣ ልሞክር?" ስትሉኝ የመኪናውን ፎቶ ትቼ ስንት ቁልፍ አለ የምላችሁ ለክፋት አይደለም። ዲቪ ሞልታችሁ "ደረሰኝ" ብላችሁ የቤት ዕቃ ልትሸጡ ስትነሱም ይህንኑ እጠይቃለሁ። በሕጉ በዓመት የሚፈቀደው ቪዛ እስከ 55,000 ነው፤ የሚመረጠው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከ100,000 ሲበልጥ ኖሯል። መመረጥ ቁልፍ መያዝ ነው፣ ሞተሩ ገና አልተነሳም። ቴሌግራም ላይ "አሸንፈዋል፣ ለማስረከቢያ ይህን ያህል ብር ይላኩ" የሚሏችሁን ግን ከዚህ አትቁጠሩት። እሱ ጥርት ያለ ሌብነት ነው። ስልኩን ዝጉ።

እህቴ ፈተናውን ያለ እኔ አለፈች። ያን ሰሞን አልገባ ያላት ምዕራፍ ፕሮባቢሊቲ፣ የዕድል ስሌት ነበር። "ፕሮባቢሊቲ ላስጠናሽ ብለህ ዕጣ ስትሞክር ዋልክ" እያለች በየበዓሉ ሰው ፊት ታነሳብኛለች። ምን እላታለሁ፣ እውነቷን ነው።

አምና ቢሯችን ያለ አንድ ወጣት ሐዋሳ ላይ ውድድር አለ ብሎ ዓርብ ከሰዓት ፈቃድ ጠየቀኝ። "ስንት ሰው ነው የሚወዳደረው?" አልኩት። አያውቅም። እዚያው ፊቴ ደወለ። ቁጥሩን ሲነግሩት ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ፣ ሳቀና ስልኩን ዘጋ። ቀረ ብዬ ነበር። "ሐይቁን ካየሁት ቆይቻለሁ፣ ለማንኛውም ልሂድ" ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ሰኞ ጠዋት እንዴት ነበር ስለው "አሞራ ገደል ዓሣ በላሁ፣ ጋሼ፣ ምን የመሰለ!" አለኝ። ስለ ውድድሩ አላነሳም። እኔም አልጠየቅኩትም።