ልጃችሁ ቫዮሊን ይዞ ሲመጣ፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች የተጻፈ ምክር

ትልቋ ልጄ በአራተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤቷ ቫዮሊን ተውሳ ወደ ቤት በመጣች ጊዜ፣ እኔና እናቷ ነገሩን እንደ ልጅ ጨዋታ ቆጠርነው። ከሦስት ዓመት በኋላ መምህሯ ለአንድ የክረምት የሙዚቃ ሥልጠና እንድታመለክት አሳሰበን፤ የክፍያ ድጋፍ መጠየቂያው ቅጽ ግን የቤተሰቡን የገቢ ማስረጃ ስለሚጠይቅ፣ ገመናችንን ለባዕድ መግለጥ መስሎን ሳንሞላው ቀረን። ቀኑ አለፈ፤ ልጅቷም ያን ክረምት ቤት ዋለች። ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ያ ስሕተት በእናንተ ቤት እንዳይደገም ነው።

የክፍያ ድጋፍ መጠየቅ ልመና አይደለም። ቅጹን ያልሞላ ወላጅ ሙሉውን ክፍያ ይጠየቃል፤ አልችልም ብሎ ሲተወው ደግሞ ልጁ ሊያገኘው ይችል የነበረው ገንዘብ ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ የግብር ሰነዳችሁን ቅጂ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ፤ ማመልከቻው ከመዘጋቱ ብዙ ሳምንታት አስቀድማችሁም ሙሉት።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ጊዜው ነው። በትምህርት ቤት ኦርኬስትራ ብቻ የሚማር ልጅ፣ ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ የደጋን አያያዙንና የግራ እጁን አቀማመጥ አንድ በአንድ የሚያርምለት መምህር አያገኝም፤ በዘጠኝ ዓመቱ የለመደውን የተሳሳተ አያያዝ በአሥራ አምስት ዓመቱ ማቃናት ደግሞ እጅግ አድካሚ ነው። የግል መምህር አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያውን ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። የልጆች ቫዮሊን ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ እየተባለ በቁመታቸው ልክ የሚለወጥ በመሆኑ፣ ሙሉው መጠን እስኪደርስላቸው ድረስ መከራየቱ ይሻላል። በዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 የተመሠረተውና ጀማሪዎችን ጭምር የሚያስተምረው የዲሲ የወጣቶች ኦርኬስትራ ፕሮግራም እንደ ቤተሰቡ አቅም ድጋፍ የሚሰጥ መሆኑን እወቁ።

የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ማኅበር ባወጣው ጥናት መሠረት በ2014 ከኦርኬስትራ ሙዚቀኞች መካከል ጥቁሮች 1.8 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2023ም 2.4 በመቶ ላይ ነበሩ። ብዙ ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኛ ሲቀጥሩ የመጀመሪያውን ዙር ፈተና ከመጋረጃ ጀርባ ያደርጋሉ። መጋረጃው የተፈታኙን መልክ ይሸፍናል፤ እዚያ ለመድረስ የወጣውን የአሥር ዓመት የመምህር ክፍያ፣ የመሣሪያ ዋጋና የጉዞ ወጪ ግን ለማንም አያካክስም። ይህን ክፍተት ለማጥበብ ከተቋቋሙት መካከል አሮን ድዎርኪን በ1997 በሚሺጋን የመሠረተው ስፊንክስ የተባለው ድርጅት አንዱ ነው። ስፊንክስ ለጥቁርና ለላቲኖ የክር መሣሪያ ተጫዋቾች ዓመታዊ ውድድር ያካሂዳል፤ ለታዳጊዎች የክረምት ሥልጠና ይሰጣል፤ ከ2018 ጀምሮም ከሌሎች ጋር ሆኖ ለኦርኬስትራ ፈተና የሚዘጋጁትን በምክርና በጉዞ ገንዘብ ይረዳል። በቦስተን በ1982 የተመሠረተው ፕሮጀክት ስቴፕ ተመሳሳይ ዓላማ አለው። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ ኮንትራባስ የተባለውን ትልቁን የክር መሣሪያ የሚጫወቱት ቺቺ ንዋኖኩ በ2015 ያቋቋሙትንና የወጣቶች ኦርኬስትራ ያለውን ቺነኬ የተባለ ድርጅት ጠይቁ።

ከፍተኛ ትምህርትን በተመለከተ፣ በፊላደልፊያ የሚገኘው ከርቲስ የተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1928 ጀምሮ ከተቀበላቸው ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ሎስ አንጀለስ ያለው ኮልበርን ኮንሰርቫቶሪ የተባለው ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። መግቢያቸው እጅግ ጠባብ ነው። ማመልከቻ በአብዛኛው በዲሴምበር መጀመሪያ ስለሚዘጋና አስቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ ስለሚጠየቅ፣ ልጁ የሚጫወታቸውን ሥራዎች በክረምቱ ጨርሶ መያዝ አለበት።

«ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም» የሚሉ ዘመዶች ይኖራሉ። የኦርኬስትራ ሥራ ጥቂት መሆኑ እውነት ነውና ይህን ከልጃችሁ አትደብቁ። ፒያኒስቷ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩት ከባለ ጸጋ ቤት ስለተወለዱ ነበር፤ ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ግን ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነሥተው ቡልጋሪያ፣ ሶፍያ የተማሩት በነፃ የትምህርት ዕድል ነው። በዚህ አገር ሁለተኛው መንገድ ለልጆቻችን ክፍት ነው። የትልቋ ልጄ ታናሽ ወንድም ቼሎ ሲጀምር የክፍያ ድጋፍ ቅጹን የሞላሁት እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ሥራው አንድ ምሽት ብቻ ፈጀብኝ።